መሬት የነካች አንድ እግር

የሻምፒዮናው የመጨረሻ ውድድር አልቆ የነጥብ ወረቀቶቹ ሲደመሩ የእኔና የተፎካካሪዬ ውጤት እኩል መጣ፤ 14 ለ14። በሞተር ሳይክል ትራያል ነጥብ ቅጣት ነው፤ ትንሽ የያዘ ያሸንፋል። እኩል ሲሆን ደግሞ ብዙ ክፍሎችን ያለ ቅጣት ያለፈው ማን እንደሆነ ይታያል። ከ30 ሙከራዎች እሱ 23ቱን በዜሮ አልፏል፤ እኔ 22ቱን። ዋንጫው የእሱ ሆነ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዋንጫው አልነበረም። በሦስተኛው ዙር፣ በዕለቱ ከነበሩት ሁሉ ቀላል በነበረው ክፍል፣ ግራ እግሬ ለዓይን ጥቅሻ ያህል መሬት ነክታ ነበር።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ትራያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። ድንጋይ፣ ጅረት፣ የጭቃ ዳገትና የወደቀ ግንድ ባለበት ቦታ አጫጭር ክፍሎች ይከለላሉ፤ በስተቀኝ ቀይ፣ በስተግራ ሰማያዊ ምልክት ይተከላል። ተወዳዳሪው በምልክቶቹ መካከል እግሩን ሳያወርድ ማለፍ አለበት። አንድ ጊዜ ካወረደ 1፣ ሁለት ጊዜ ካወረደ 2፣ ከዚያ በላይ ስንት ጊዜም ቢያወርድ 3 ይያዝበታል። ከወደቀ ወይም ከመስመር ከወጣ 5 ነው። ሞተሩ 70 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን ቀጭን ነገር ነው፤ መቀመጫ የሚባል የለውም፣ ነጂው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ ነው።

እንግዲህ ያ ቀላል ክፍል ከትናንሽ ድንጋዮች ቀጥሎ በዛፍ ሥር ዙሪያ የሚታጠፍ አንድ ጠባብ መዞሪያ ብቻ ነበረው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር በዜሮ አልፌዋለሁ። ስለዚህ በሦስተኛው ዙር ከሞተሬ ወርጄ በእግሬ አላየሁትም። ከእኔ በፊት ያለፉት ሰዎች ጎማ ጡጫ የምታህል ድንጋይ አንከባሎ መዞሪያው ውስጥ ጥሏት ነበር። የፊት ጎማዬ አገኛት፣ መሪው ተጠመዘዘ፣ እግሬ ወረደች። አምስት ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው። አንዲት እግር ባትወርድ ኖሮ 13 ለ14 አሸንፌ ነበር።

ይህን ስፖርት የጀመርኩት ከፍታ ወድጄ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከወገብ በላይ የሆነ ድንጋይ ላይ መውጣት ከቻልኩ ሻምፒዮን የምሆን ይመስለኝ ነበር። ዓመታት ያለፉት ድንጋዩን ከፍ፣ አሁንም ከፍ በማድረግ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ ግን የሁለት የውድድር ዘመን የነጥብ ወረቀቶቼን አውጥቼ እያንዳንዱን ቅጣት የት እንዳገኘሁ በደብተር ጻፍኩ። ከግማሽ በላይ የሆነው ቅጣት የመጣው ከትልልቆቹ ድንጋዮች አልነበረም፤ ከመዞሪያ፣ ከቁልቁለት መውጫ፣ ከድንጋዩ በፊት ካለችው ሁለት ሜትር ነበር። ያን ደብተር ሳየው ተናደድኩ፤ ለዓመታት የተለማመድኩት የማያሸንፈኝን ነገር ነበርና።

ቶኒ ቡን ሁሉም ሰው የሚያየው ግድግዳ ሲወጣ ነው። ካታሎናዊው ቡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 እስከ 2024 በየዓመቱ የሜዳውንም የአዳራሹንም የዓለም ሻምፒዮና ወስዷል፤ 18 ሲደመር 18፣ 36 ዋንጫ ማለት ነው። እኔም እንደ ሌላው የዝላዮቹን ምስል ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ከሽንፈቱ በኋላ ግን ምስሎቹን ከግድግዳው በፊት ማቆም ጀመርኩ። ጎማው ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ ሰውነቱ ረግቶ፣ ዓይኑ የድንጋዩን አናት አልፎ ያያል። ዝላዩ የሚወሰነው እዚያ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ማንም ሊደርስበት ያልቻለ ሰው ቀላሉን ክፍል አይንቅም ብዬ አምናለሁ። ቡም ሆነ ከእሱ በፊት ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዦርዲ ታሬስ ከሞተር በፊት በብስክሌት ትራያል ያደጉ ናቸው። ብስክሌት ጉልበት የሚያበድር ሞተር የለውም፤ ሚዛንህ ከተዛባ ነዳጅ ሰጥተህ አታመልጥም።

ስለዚህ ወደ ሚዛን ተመለስኩ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ፣ ሁለቱንም እግሮቼን መርገጫው ላይ አድርጌ ሳልንቀሳቀስ መቆም። መጀመሪያ በግራ በኩል ከአሥር ሰከንድ አላልፍም ነበር፤ በቀኝ በኩል እቆማለሁ፣ በግራ እወድቃለሁ። ያቺ ቀላል መዞሪያም ወደ ግራ የምትታጠፍ ነበረች። ልምምዴን በየቀኑ በደካማው ጎኔ ለመጀመር የወሰንኩት ያኔ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በሁለቱም በኩል ሁለት ሦስት ደቂቃ መቆም ቻልኩ። አሰልቺ ነው፣ ማንም ቆሞ አያይህም፣ ግን ክፍል ውስጥ ሞተሩ ሲንገዳገድ እግር ከማውረድ በፊት የማስቢያ ጊዜ የሰጠኝ ይኸው ልምምድ ነው።

ቀጥሎ መዞሪያ ነው። ሁለት ድንጋይ አስቀምጬ በመካከላቸው የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራሁ፣ መጀመሪያ በሜዳ፣ ከዚያ በተዳፋት፣ ከዚያ በእርጥብ ሣር ላይ። እዚህ የሚከብደው ሰውነትን ማሳመን ነው። ሞተሩ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ሰውነት አብሮት መውደቅ ይፈልጋል፤ መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ወደ ውስጥ ይተኛል፣ አንተ ወደ ውጭ ትቀራለህ፣ ክብደትህ በውጪኛው መርገጫ ላይ ያርፋል። ፍሪሲዮን በአንድ ጣት፣ የፊት ፍሬን በአንድ ጣት፤ ሌሎቹ ጣቶች መሪውን አይለቁም። ከጋዝ ይልቅ ፍሪሲዮን ነው ሞተሩን የሚነዳው። እንግሊዛዊው የትራያል የዓለም ሻምፒዮን ዳጊ ላምፕኪን በ2016 በአይል ኦፍ ማን ደሴት የታወቀውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የውድድር መንገድ በኋላ ጎማ ብቻ ዞሮ ጨርሷል። ብዙ ሰው ጉልበቱን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው የኋላ ፍሬኑን የያዘችውን እግር ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የምትጠብቀው እሷ ናትና።

ስለ ጎማ አየር ሳልናገር አላልፍም፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የትራያል የኋላ ጎማ 0.3 ባር አካባቢ ነው የሚነፋው፤ ተራ የመንገድ ሞተር ሳይክል 2 ባርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ጎማው ለስላሳ ሆኖ ድንጋዩን ማቀፍ አለበት። እኔ ለረጅም ጊዜ ጠዋት ቤቴ ለክቼ ወደ ውድድር እሄድ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ አየሩ ይሰፋል፣ ጎማው ይጠነክራል፤ በዚህ ትንሽ መጠን ላይ ጥቂት ለውጥ እንኳ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ግፊት የሚለካ መሣሪያ ገዝቼ በየዙሩ መጀመሪያ ቦታው ላይ መለካት ጀመርኩ። ስለ ሞተር ዝግጅት ሳስብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የሰሜን አየርላንዱ የትራያል ነጂ ሳሚ ሚለር ነው። በከባዱ የኤሪያል ሞተር ሲያሸንፍ ኖሮ ቀላሉን የስፔን ሞተር ቡልታኮን ከኩባንያው ጋር አሻሽሎ ሠራ፤ በ1965ም የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ትራያል በእሱ አሸነፈ። የሚነዳውን ሞተር እስከ ቡሎኑ የሚያውቅ ነጂ ነበር።

በዚያው ዓመት በአንገቴና በትከሻዬ መካከል ያለው አጥንት ተሰብሯል። ብቻዬን ከፍ ያለ ድንጋይ ስሞክር ነው፤ ከታች የሚይዝ ረዳት አልነበረም። ስለ ሕመሙ የምለው የለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ከደረቴ ከፍ የሚል ነገር ብቻዬን ሞክሬ አላውቅም፤ ማንም እንዲሞክር አልመክርም።

እጄ ታስሮ ስድስት ሳምንት መንዳት ሳልችል ጓደኞቼ ወደሚወዳደሩበት ቦታ እየሄድኩ ክፍሎችን በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። የሙያዬ ትልቁ ትምህርት የተገኘው እዚያ ነው። ቀደም ሲል ክፍል የማየው ከመግቢያው ጀምሬ፣ ቆሜ፣ በሰው ቁመት ነበር። አሁን ከመውጫው ተነስቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከመጨረሻው ድንጋይ በምን አቅጣጫ መውረድ እንዳለብኝ ካወቅኩ፣ በየት በኩል መውጣት እንዳለብኝ ይገለጥልኛል፤ እንዲህ እያልኩ እስከ መግቢያው። ከዚያ ቁጢጥ ብዬ በጎማው ቁመት አያለሁ። ከላይ ልሙጥ የሚመስል ድንጋይ ከታች ሲታይ ጠርዝ አለው። በእግሬ ጣት እገፋዋለሁ፤ ይነቃነቃል ወይስ አይነቃነቅም? በጥሩ ሁኔታ የሚያልፉትን ሳይሆን የሚሳሳቱትን ቆሜ አያለሁ፤ ያለፈው ሰው መንገዱን ደብቆት ይሄዳል፣ የወደቀው ግን አደጋው የት እንዳለ ያሳይሃል። ደግሞም ክፍል በየሰዓቱ ይለወጣል። እርጥብ ጎማ ደረቁን ድንጋይ ጭቃ ይቀባዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ጎማ ሲያልፍበት ይጠረጋል። ቀድሞ መግባት ወይም መጠበቅ እንደ ክፍሉ ነው፣ ሰዓት ካለፈም ቅጣት አለ።

በእነዚያ ሳምንታት ስለ ታካሂሳ ፉጂናሚ ብዙ አስብ ነበር። ጃፓናዊው ፉጂናሚ ለዓመታት ከላምፕኪን ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ ኖሮ በ2004 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቼ ነው ሞተሩን ልሸጠው ያሰብኩት።

በሚቀጥለው ዓመት የመጨረሻው ውድድር ላይ ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ስንት ነጥብ እንደያዝኩ አልጠየቅኩም፤ ረዳቴም እንዳይነግረኝ አስቀድሜ ለምኜዋለሁ። የቀረኝ ክፍል የሕፃን የሚመስል ነበር፤ አንድ የጅረት መሻገሪያ፣ አንድ ግንድ፣ ወደ ግራ አንድ መዞሪያ። ሁለት ጊዜ በዜሮ አልፌዋለሁ። ሌሎቹ በቀጥታ ሲገቡ ሞተሬን አቁሜ ወረድኩ፣ ከመውጫው ጀምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። መዞሪያው ላይ ውኃው አፈሩን ወስዶት የዛፉ ሥር ጠዋት ካየሁት በላይ ተጋልጦ ነበር። ቁጢጥ ብዬ አየሁት፤ መስመሬን አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ አሰፋሁ።

ገባሁ። ጅረቱ፣ ግንዱ፣ ከዚያ ግራ። ሥሩ ከጎማዬ በስተውስጥ ቀረ። ከመውጫው ምልክት አልፌ ወደ ዳኛው ዞር ስል እጁን ወደ ላይ አንስቷል፤ አንድም ጣት አልዘረጋም፣ ጨብጦት ነበር።