ስሙ ብቻ የቀረው አልቤርጎ

ለንደን ብሪጅ አካባቢ የቢሮ ጽዳት እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ በሩ እስኪከፈትልኝ ድረስ ያለችውን ሩብ ሰዓት የማሳልፈው ከቦሮ ሃይ ስትሪት ወደ ውስጥ በሚያስገባ አንድ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ቆሜ ነበር። ስሙ ዋይት ሃርት ያርድ፣ የነጩ አጋዘን ግቢ እንደ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ታፔላውን ሳነብ አጋዘኑ የማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

አጋዘኑ የንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ አርማ ነበር፤ ግቢው ደግሞ በዚያ ስም የሚጠራ ትልቅ አልቤርጎ ነበር። ከኬንት ሰው አስከትሎ የዘመተው ዓመፀኛው ጃክ ኬድ በ1450 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያረፈው እዚሁ ነው። ሰፈሩ አልቤርጎ የበዛበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ እስከ 1750 ድረስ ከለንደን መሃል ቴምዝን የሚያሻግር ድልድይ አንድ ብቻ ስለነበረና በሩም ማታ ማታ ይዘጋ ስለነበር፣ ከደቡብ መጥቶ የመሸበት መንገደኛ ወዲህ ማዶ ከማደር በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ቤቱ በ1676 በሰፈሩ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ወድሞ እንደገና ተሠራ። ለንደን ብሪጅ ላይ የባቡር ጣቢያ የተከፈተው በ1836 ሲሆን፣ መንገደኛው ሠረገላውን ትቶ ወደ ባቡሩ ሲዞር ገበያው ቀዘቀዘ፤ በ1889 ፈረሰ። ጎረቤቱ፣ ጆርጅ የሚባለው አልቤርጎም በዚያው ዓመት በባቡር ኩባንያ እጅ ሁለት ጎኑን አጥቷል፤ የተረፈው አንዱ ጎን ግን ከ1937 ጀምሮ ናሽናል ትረስት በሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት እጅ ይገኛል። ደመወዝ በወጣ አንድ ቀን ወደዚያ ገብቼ፣ አንድ ለስላሳ አዝዤ፣ ግቢውን ቁልቁል የሚያየውን የእንጨት ሰገነት ስመለከት ቆየሁ። የፈረሰው ቤት ሰገነቶችም እንዲሁ ግቢውን ዙሪያውን ከብበውት፣ የመኝታ ክፍሎቹ በሮች ወደ እነርሱ ይከፈቱ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ከንጉሡም ከዓመፀኛውም ይልቅ የዚህን ቤት ስም ያስጠራው በሕይወት ያልነበረ አንድ ሊስትሮ መሆኑ ነው። ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ ፒክዊክን በሚተርከው ልብ ወለዱ ውስጥ ሳም ዌለር የሚባለውን ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የሚያስተዋውቀን በዚህ ግቢ ውስጥ የእንግዶችን ጫማ ሲወለውል ነው። ቤቱ ውስጥ እነማን እንዳደሩ ሲጠየቅ ሳም ሰዎቹን የሚቆጥረው በጫማቸው ነው፤ 6 ቁጥር ውስጥ አንድ የእንጨት እግር፣ 13 ቁጥር ውስጥ አንድ ጥንድ ቡት እያለ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም በዚያ መሥሪያ ቤት ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸውን ሠራተኞች የማውቀው እንዲሁ ነበርና፦ በመስኮቱ በኩል የሙዝ ልጣጭ፣ ከአታሚው አጠገብ የሚነካከስ እስክሪብቶ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከጠረጴዛ ሥር የተረሳ ባለ ተረከዝ ጫማ፤ እርሱን ሁልጊዜ አንስቼ፣ ጠርጌ፣ ጥንዱን አስተካክዬ እመልሰው ነበር።