ከአውቶቡሱ በፊት

ስለ ተንቀሳቃሽ የጡት ካንሰር ምርመራ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አውቶቡሱ ነው፤ ማሞግራፊው (ጡትን በራጅ የሚያነሳው ማሽን) እንዴት እንደሚጫን፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ። እኔ ግን ሥራውን የጀመርኩት ከሌላው ጫፍ ነው። ምስሏ አጠራጣሪ የሆነባት ሴት ቀጥሎ የት ትሄዳለች? አልትራሳውንድ የሚያይላት፣ ናሙና የሚወስድላት፣ ካንሰር ከሆነም የሚያክማት ሆስፒታል በጽሑፍ እስኪስማማ ድረስ መኪናው ከቆመበት እንዳይነሳ አልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ «ጊዜ ፈጀሽ» ብለው አጉረመረሙብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ለሐኪም ከቀረበችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። ያለ ሆስፒታሉ ይህ ግብ የማይታሰብ ነበር።

ማሽኑ የራሱ ጠባይ አለው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ስለሚውል፣ በደረስንበት ሁሉ መኪናው ተስተካክሎ ይቆማል፣ ክፍሉ ወደ ሚፈለገው ሙቀት ይመጣል፣ ከዚያ ጡትን ተክቶ በተሠራ የፕላስቲክ መሞከሪያ የምስሉ ጥራት ይፈተሻል። ደጅ ሰልፍ እየረዘመ ይህን ፍተሻ ለመዝለል የሚገፋፋው ብዙ ነው። አልዘለልንም፤ በደበዘዘ ምስል «ደህና ነሽ» ከማለት ጭራሽ አለማንሳት ይሻላል።

ከመግባታቸው በፊት ሁሉንም እንነግራቸዋለን፦ ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስል ይነሳል፤ ጡት ለጥቂት ሰከንድ ይጨመቃል፣ ሊያምም ይችላል። የብብት ሽታ መከላከያ የተቀባች ሴት ታጥባ ትገባለች፤ በውስጡ ያለው አልሙኒየም በምስሉ ላይ አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆነውን የካልሲየም ነጠብጣብ ሊመስል ይችላልና። «ለተጨማሪ ምርመራ ተመለሺ» ቢባሉ ደግሞ ከሚጠሩት አብዛኞቹ ካንሰር እንደማይገኝባቸው አስቀድመው ይሰማሉ። ይህን ያልሰማች ሴት ስልኳን ዘግታ ብትጠፋ አይፈረድባትም።

ከሁሉ በላይ የተሟገትኩት ግን እብጠት ይዘው ለሚመጡት ነው። የእኛ ምርመራ ምንም ምልክት ለሌላቸው ነው። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ያላት ሴት ምስሏ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የመላኪያ ወረቀት ይዛ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። በተለይ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ካንሰር ከማሞግራፊ ሊሰወር ይችላል። ንጹሕ ምስል ይዛ እብጠቷን ረስታ የምትቀመጥ ሴት፣ እኛ ባንመጣ ኖሮ ሐኪም ዘንድ ቀድማ ትደርስ እንደነበር አምናለሁ።

ስልክ ስንመዘግብ ባለቤቱ ማን እንደሆነም እንጠይቃለን። ብዙዎቹ የሚሰጡን የባል ወይም የልጅ ቁጥር ነው፤ «ውጤቱን ለማን እንንገር?» ሳንል አንደውልም።

ገንዘብ ሰጪዎቻችን የሚፈልጉት ስንት ሴት ምስል እንደተነሳች ማወቅ ነበር። በሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ ግን ከተጠሩት መካከል ስንቱ ሆስፒታል እንደደረሱ አሰፈርኩ። አነስተኛ ስለነበር ቅር አላቸው፤ ምክንያቱ የመጓጓዣ ወጪ መሆኑን ሲያዩ ግን በቀጣዩ በጀት የደርሶ መልስ ክፍያ ጨመሩልን።