የአባቴ ራዲዮ ቀለም

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

«ሽፋን መሥራት ተውሽ እንዴ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ወዳጆቼ መልሱን ለበዓል ብዬ አቆይቼው ነበር። አዎ፣ ትቻለሁ። 14 ዓመት የሰው መጽሐፍ ሽፋንና ገጽ ሳሰናዳ ኖሬ፣ አሁን ፈጠራዊ ኢ-ልቦለድ እጽፋለሁ። በእውነት የሆነውን ነገር፣ ልቦለድ በሚተረክበት ጥበብ ማለት ነው።

በዲዛይን ሥራ ተማርሬ አይደለም የወጣሁት፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ በአንድ ሰፊ ወረቀት ፊትና ጀርባ 16 ገጽ ይታተምና ይታጠፋል። እንግዲህ ጽሑፉ ተርፎ ሦስት ቃል 161ኛው ገጽ ላይ ቢያርፍ፣ 15 ባዶ ገጽ ይከተለዋል። ያኔ የመስመሩን ክፍተት በጥቂቱ ማጥበብ፣ ኅዳጉን አንድ ሚሊሜትር መግፋት የእኔ ፈንታ ነው። ከጽሑፉ ግን አንዲት ቃል አልነካም። ቃሉ የደራሲው ነዋ!

አንድ ቀን ልጅ ስለ እናቱ የመጨረሻ ወራት የጻፈው ረቂቅ እጄ ገባ። ነጠላ ጫማዋ ከአልጋው ሥር አፉን ወደ በሩ አዙሮ እንደተቀመጠ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነበረው። ገጹ አለቀና ጫማው ወዲህ፣ በሩ ወዲያ ማዶ ቀረ። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ለማገናኘት ከሰዓቱን በሙሉ ደከምኩበት። ማንም አላዘዘኝም፤ አንባቢም ልብ አይለውም። እኔ ግን ያቺን ጫማ ጥዬ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ መሄድ አቃተኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ አባቴ መጻፍ ጀመርኩ።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ሊ ጉትኪንድ የፈጠራዊ ኢ-ልቦለድን ስም የያዘ መጽሔት በ1993 እ.ኤ.አ. መሥርቷል። ከዚያ በፊትም በኋላም ጸሐፊዎችን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ትዝታ የጎደለበትን ጸሐፊው ከራሱ መሙላት ይችላል ወይ? እኔ አይችልም ባይ ነኝ። የደራሲን ቃል አለመንካት የለመደ እጅ የሆነውንም ነገር መነካካት ይፈራል።

የአባቴን ራዲዮ «ሰማያዊ» ብዬ ጽፌው ነበር። እህቴ አነበበችውና «ግራጫ ነው እኮ! ሰማያዊው ያንቺ ብርድ ልብስ ነበር» አለችኝ። ፎቶ ፈለግን፤ የተገኘው ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ሳምንት ያቺን አንቀጽ መንካት አልቻልኩም። ቀለሙን ባወጣው ማንም አይጠይቀኝም፤ ግን ራዲዮው አባቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ እጁ የሚያርፍበት ዕቃ ነው፣ እንዴት በግምት ላልፈው? በመጨረሻ ሁለታችንንም ጻፍኩ፤ እኔ ሰማያዊ፣ እሷ ግራጫ። አንቀጹ ያኔ ነፍስ ዘራ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ላይ የተኙ ሁለት ልጆች አንድ አባት ሲያዳምጡ ታዩኝ። እህቴ ባታርመኝ ኖሮ ያን ክፍል ዳግም አልገባበትም ነበር።

ረቂቄን በትዕግሥት ላነበባችሁልኝ፣ «እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ ለደወላችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዓመቱ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ። ለበዓሉ ከቤተሰብ ጋር የምትሰበሰቡ፣ የምትወዱትን አንድ አሮጌ ዕቃ አንሡና ቀለሙን ጠይቁልኝ፤ ስንት መልስ እንደሰማችሁም ጻፉልኝ።

እኔም ዛሬ ማታ ለእህቴ እደውላለሁ። ስለዚያ ክፍላችን በር የምጠይቃት አለኝ።