«ለሽሮ ሁለትን ይጫኑ»፦ የባልትና ቤታችንን ስልክና ሒሳብ እንዴት እንዳስተካከልኩ

አንድ ሻጭ ሱቃችን መጥቶ ነበር። ከረባት ያሰረ፣ ላፕቶፕ የያዘ። የሚሸጠው ደንበኛ ሲደውል በማሽን የሚመልስ የስልክ ሲስተም ነው። «እንኳን በደህና መጡ፤ ለበርበሬ አንድን፣ ለሽሮ ሁለትን ይጫኑ» የሚል ድምፅ አሰማን። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር። ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ሰው ሽሮ ልግዛ ብሎ ደውሎ ቁጥር ጫን ሲሉት አይዘጋውም?» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ልክ ናት።

የኛ ቤት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ያለች ትንሽ ባልትና ቤት ናት። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ድርቆሽ እንሸጣለን። እናቴ፣ እኔና አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ ነን። አብዛኛው ትዕዛዝ የሚመጣው በስልክ ነው። ስለዚህ ሲስተም አያስፈልገንም አልልም። ያስፈልገናል፤ ግን እናቴ ብቻዋን ስትሆን ልትሠራበት የምትችል መሆን አለበት። ሁሉንም ነገር የመረጥኩት በዚህ መመዘኛ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የሱቁን ቁጥር ከራሴ ቁጥር መለየት ነው። ድሮ ደንበኛ የሚደውለው በግል ስልኬ ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለ በርበሬ ዋጋ የምመልስበት ጊዜ ነበር። ለሱቁ የራሱ ሲም አወጣን፤ ያወጣነውም በእናቴ ስም ነው፣ ንግድ ፈቃዱ በሷ ስለሆነ። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል። ከኛ ማዶ ያለ አንድ ሱቅ ግን ሲሙን ያወጣው በሠራተኛ መታወቂያ ነበር። ሠራተኛው ሲለቅ ቁጥሩም አብሮት ሄደ። የቴሌግራም ቻናሉም በዚያው ቁጥር የተከፈተ ስለነበር እሱም ሄደ። ሰውዬው ስንት ዓመት ያፈራውን ደንበኛ «አዲሱ ቁጥራችን ይሄ ነው» እያለ አንድ በአንድ ሲለምን አይቼዋለሁ። ሲም የባለመታወቂያው ነው። ቢጠፋ እንኳ የሚተካው እሱ ራሱ ሲቀርብ ነው።

ስልኩ ሁለት ነው። አንዱ ስማርት ስልክ ነው፣ ለቴሌግራምና ለዋትስአፕ። ሌላው ተራ ባለቁልፍ ስልክ ነው፣ ለጥሪና ለአጭር መልዕክት። ተራውን የሚንቅ ብዙ ነው። እኔ ግን አንዱን ምረጪ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። አንዴ ቻርጅ ካደረጉት ቀናት ይቆያል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። መስታወቱ ተሰበረ ብሎ ሥራ አያስቆምም። ደግሞም ከገንዘብ መሳቢያው ጋር በገመድ ታስሯል። እውነቴን ነው፣ በገመድ። ከሱቁ አይወጣም። የቴሌብርና የባንክ መልዕክት የሚገባው እሱ ላይ ስለሆነ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ማን እንደከፈለ ባንኮኒው ላይ የቆመ ሰው ያያል።

ማንም ሳያነሳው ሲቀር ጥሪው ወደኔ ይዞራል። ለዚህ አፕም ባለሙያም አያስፈልግም። በሱቁ ስልክ **61* ብላችሁ፣ ጥሪው እንዲዞርበት የምትፈልጉትን ቁጥር አስገብታችሁ፣ *11*20# ጨምራችሁ ትደውላላችሁ። 20 ማለት ሃያ ሴኮንድ ጠርቶ ካልተነሳ ይዙር ማለት ነው። ለማጥፋት ##61# ነው። የዞረው ጥሪ ሒሳብ የሚቆረጠው ከሱቁ ሲም ስለሆነ ካርድ አይለቅበት። በነገራችን ላይ፣ ደውሎ «**21* ብለሽ ይህንን ቁጥር አስገቢ» የሚላችሁ ሰው ካለ ዝጉበት። ያ ጥሪያችሁን በሙሉ ወደሱ የሚያዞር ነው። ተዞሮባችሁ እንደሆነ *#21# ብላችሁ ታያላችሁ፣ በ##002# ሁሉንም ታጠፋላችሁ።

የደንበኛ ስም አመዘጋገብም ለውጥ አምጥቷል። በስም ብቻ ከመዘገባችሁ አምስት አልማዝ፣ ሰባት ትዕግሥት ይኖራችኋል። እኛ መጀመሪያ ሰፈሩን፣ ከዚያ ስሙን፣ ከዚያ አመሉን ነው የምንጽፈው። «አያት፣ የመንታዎቹ እናት፣ ሽሮ ነጭ ሽንኩርት ይብዛ»። «ጎሮ፣ ጋሼ ጡረተኛው፣ ሚጥሚጣ ግማሽ ኪሎ»። የትንሹ ስልክ መስኮት ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩ ይቅደም፣ ሞተረኛው ወዴት እንደሚሄድ ከዚያው ይታወቃል። እናቴ ስልኩን አንስታ ገና ሳይነግሯት «መንታዎቹ እንዴት ናቸው?» ስትል ደንበኛዋ የምትደሰተውን አትጠይቁኝ። የትኛውም ማሽን ይህንን አይልም።

በቃል የታዘዘውን በጽሑፍ እንመልሳለን። «3 ኪሎ በርበሬ፣ 2 ምጥን ሽሮ። ቅዳሜ 9 ሰዓት። እናመሰግናለን።» በቃ። ይህንን ካደረግን ወዲህ «እኔ ያዘዝኩት ሁለት ነው» የሚል ክርክር ቀርቷል ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ አጭር መልዕክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ሲሆን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በሁለት ተከፍሎ ይላካል፣ ሒሳቡም እንደ ሁለት ነው። ለበዓል «ውድ ደንበኛችን እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላምና በጤና አደረሰዎ» ብላችሁ ለሁሉም ከመላካችሁ በፊት ፊደሉን ቁጠሩ።

ቴሌግራም ቻናል አለን፣ ጥሩም ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ደንበኞቻችን እዚያ ድምፅ ይልካሉ፣ ልጆቻቸው ፎቶ ያያሉ። ግን እዚያ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ለወራት ሲቆዩ ንግዱን በሙሉ ቻናል ላይ የሠራ ሰው ጉድ ሆኗል። ቪፒኤን የሚያውቅ ወጣት ቀጠለ፣ እናትየው ግን አትገባም። እኛ ቁጥራቸው ስልኩ ላይ፣ ደግሞም ደብተር ላይ ስለነበር እየደወልን ነው የሸጥነው። ደብተሩ አሁንም አለ፤ በወር አንዴ አዳዲሶቹ ይገለበጡበታል። ቻናሉ ላይ ዋጋ ስትለጥፉ ደግሞ «እስከ እሁድ» የሚል ቀን ጨምሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ማሸጊያውም ሌላውም ዋጋው አልቆም ብሏል። ደንበኛ የስድስት ወር ፖስት አውጥቶ «ይኸው እዚህ ላይ ያላችሁት» ሲል ምን ትመልሳላችሁ?

ቴሌግራሙንም ዋትስአፑንም በይለፍ ቃል ዝጉ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለው ቅንብር ውስጥ አለ። ታክሲ ውስጥ የተመነተፈ ስልክ ሲሙ ወጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ከገባ ኮዱ የሚመጣው ለሌባው ነው። ሲሙም ላይ ፒን አድርጉበት።

ውጭ ያሉት ደንበኞቻችን የራሳቸው ዓለም አላቸው። ከዋሽንግተን በዋትስአፕ የሚደወለው እኛ ስንተኛ ነው፤ በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደኋላ ናቸው። «ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ» ሲሉኝ የማን ሁለት ሰዓት እንደሆነ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። «በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ብዬ ጽፌ እልክና እሺ እስኪሉ እጠብቃለሁ። ትዕዛዛቸው ደግሞ በሻንጣ ነው የሚለካው፦ «ሃያ ሦስት ኪሎው ሊሞላ አራት ቀርቶኛል፣ ሁለት በርበሬ ሁለት ሽሮ አድርጊልኝ፣ በረራው ዛሬ ማታ ነው።» ለነዚህ ሁልጊዜ የታሸገ እናስቀምጣለን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር እናቴ «የማይጨበጥ ብር» ትለው ነበር። አሁን ጥሬ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ዝርዝር ስለሚያስፈልገው እሷው ናት «በቴሌብር አይሆንልህም?» የምትል። በንግድ ፈቃዱ የነጋዴ ኮድ አወጣን፣ የኪውአር ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ለጠፍን። ከዚያ ጀምሮ የሱቁ ብር ከኔ ብር ጋር አይገናኝም። ይሄ ብቻውን ግማሽ ሒሳብ አያያዝ ነው።

ስክሪንሾት ግን ክፍያ አይደለም። ይህንን ስንት ጊዜ ብናገር አይበቃኝም። የሰው ስልክ ላይ ያለ ሥዕል በሁለት ደቂቃ ይሠራል። ከቴሌብር የመጣ የሚመስል መልዕክት ከተራ ቁጥር ሊላክ ይችላል፤ እውነተኛው የሚመጣው ከ127 ነው። የኛ ደንብ አንድ ነው፦ ዕቃው የሚወጣው የኛ ስልክ ላይ ሲገባ ነው። አስቸጋሪው ቴክኖሎጂው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። የሰፈር ሰው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ላክሁ» ሲል «አላየሁም» ማለት ይከብዳል። ልጅቷ አሁን መላ አግኝታለታለች። ትልልቆቹን «እትዬ፣ እስኪገባልን ቁጭ ይበሉ፣ ቡና ቀርቧል» ትላለች። ወጣቱን «ወንድሜ፣ ኔትዎርኩ ተኝቷል መሰለኝ፣ አንዴ ልየው» ትልና *127# ብላ ቀሪ ሒሳቡን ታያለች። መልዕክቱ ቢዘገይም ብሩ ገብቶ ከሆነ እዚያ ይታያል። የንግድ ባንኩን ደግሞ በ*889#። የከፈለ ሰው ሁለት ደቂቃ አይከፋውም። የሚቆጣውን ሰው ብዙ ጊዜ ዳግም አናየውም።

ሌላው ማታለያ የተገላቢጦሽ ነው። ብር ገባ የሚል የሐሰት መልዕክት ይመጣል፣ ወዲያው አንድ የተጨነቀ ድምፅ ይደውላል። «በስህተት ነው የላክሁብሽ እህቴ፣ እባክሽ መልሺልኝ።» አንጀት ይበላል። መልሱ «የላክህበት ድርጅት ጋ ደውለህ እነሱ ይመልሱልህ» ነው።

ማታ ሱቅ ሲዘጋ ደብተር ላይ አራት መስመር እንጽፋለን፦ በእጅ ያለው፣ ቴሌብር፣ ባንክ፣ ዱቤ። አፕ ሞክሬ ነበር፤ እናቴ ስለማትከፍተው ትቼዋለሁ። ዱቤውን ከሌላው ጋር እዚያው ገጽ ላይ ማድረጋችን ነው ጥቅሙ። ለብቻው ደብተር ሲኖረው ማንም አይገልጠውም። ለራሳችንም ደሞዝ ቆርጠናል፣ እናቴም ጭምር። መጀመሪያ «በገዛ ቤቴ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አሁን ቀኑ ሲያልፍ ታስታውሰኛለች።

ባልትና ውስጥ ትልቁ ገንዘብ የሚታሰረው በርበሬ ላይ ነው። የማረቆና የሃላባ በርበሬ በብዛት ገብቶ ዋጋው ሲረክስ፣ መርካቶ በርበሬ ተራ ወርዶ በጆንያ መግዛት ነው። በዓል ሲቃረብ ያው ጆንያ ሌላ ዋጋ ነው። ለዚህ የሚሆን ለብቻው የተከፈተ ሒሳብ አለን፤ ሆን ብዬ ሞባይል ባንኪንግ አላስገባሁበትም። ብር ለማውጣት ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው። ስንፍናዬ እስካሁን ብዙ ብር አድኖልኛል። ዕቁብም እንገባለን። ዳኛው የሰፈር ሰው ስለሆነ ዕጣችን በበርበሬ ወቅት እንዲደርሰን ተራ በመለዋወጥ ይረዱናል።

በስልክ የሚገኝ ብድር አለ፤ ቴሌብር ላይ ያሉት እነ መላና እንደኪሴ። እኔ የምጠቀመው በሳምንት ውስጥ ለሚሸጥ ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሁዳዴ መግቢያ ላይ ለሽሮ እህል። ወራት ለሚቀመጥ በርበሬ አልነካውም፣ የመክፈያው ቀን ጆንያው ሳይፈታ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ ስቲከር። ከሁሉ ርካሹና ብዙ ሰው ያመጣልን እሱ ነው። እሽጉ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሽሮው ሲያልቅ ቁጥሩ ዓይን ላይ ነው። ሁለት ቁጥር አድርጉበት፣ አንድ የ09 አንድ የ07፤ አንደኛው ኔትዎርክ ሲተኛ ሌላው ይሠራል። ማተሚያ ቤቱ ናሙናውን ሲያሳያችሁ ደግሞ በዓይን ብቻ አትዩት። ከወረቀቱ ላይ እያነበባችሁ ደውሉበት፤ የናንተ ስልክ ከጠራ ያትሙት።