ከመምህርነት ወደ ጥገና፦ ሞዴል 22 ያስከፈለኝ ዋጋ

ባዮሜዲካል ምህንድስና ተምሬ 5 ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተማርኩ። አሁን የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የጥገና መሐንዲስ ነኝ። ከባዱ ነገር ከማስተማርና ከኢንዱስትሪ አንዱን መምረጡ መስሎኝ ነበር። ከባዱ ከዩኒቨርሲቲው መውጣቱ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው የምጽፈው።

ልቤን ያሸፈተው አንድ ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤቴ "መምህር፣ ኢንዲኬተሩ አልቀየር ብሎናል፤ እስቲ አንዴ እይልን" አለችኝ። ኢንዲኬተሩ ሙቀቱ በቂ ሲሆን ቀለሙ የሚቀየር ወረቀት ነው። ቅዳሜ ሄድኩ። ማሽኑ ደህና ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ፒኤስአይ ላይ ቆሟል። መጽሐፉ የሚለው 15 ነው፤ እኔም ያስተማርኩት 15 ነው። ግን 15 ላይ ጀርም ለመግደል የሚፈለገው 121 ዲግሪ የሚገኘው ባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ያለነው 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ እንፋሎቱ 117 አካባቢ ይቀራል። 121 ለመድረስ ጌጁ ከ18 በላይ ማንበብ አለበት። ማሽኑ የሚችለውን ግፊት አይቼ ከፍ አደረግኩት። ሰኞ "ተቀየረ!" ብላ ደወለችልኝ። ስንቱ ተማሪ ፈተና ላይ 15 ብሎ ጽፎልኝ ራይት አድርጌለት ይሆን እያልኩ አመሸሁ።

ሥራ አገኘሁ። የትምህርት ውል ግዴታዬን ጨርሻለሁ። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አስገባሁ። ክሊራንስ ይዤ ዞርኩ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ፋይናንስ፣ ዲፓርትመንት በአንድ ቀን ፈረሙልኝ።

ንብረት ክፍል ላይ ቆምኩ።

በስሜ አንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) አለ። ጂኤ (ጀማሪ ረዳት መምህር) ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ፈርሜ የወሰድኩት። ላብራቶሪው ሲዛወር ዕቃው ሌላ ሕንጻ ገባ። ተሸክሜ ያደረስኩት ራሴ ነኝ፤ ወረቀት ግን አልተሠራም። ንብረት ክፍሉ "ዕቃውን አምጣ" አለኝ። የላብራቶሪው ኃላፊ "ያልተረከብኩትን አላስረክብም" አለኝ። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይታየኛል! መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ ወሰድኩ። "ፎቶ ሰነድ አይሆንም" ተባልኩ። ዲኑ ጋ ስሄድ ስብሰባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሥልጠና። የጻፉልኝ ደብዳቤ መዝገብ ቤት 9 ቀን ተኛ። ከዚያ "ኮሚቴ ይቋቋም" ተባለ። አንድ ዕቃ በወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል ለማዛወር ሦስት ሰው! እኔ ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ እመላለሳለሁ። ደሞዜ ቆሟል። የቀጠረኝ ድርጅት ያለ መልቀቂያ አላስጀምርም አለ። አንድ ወር ጠበቁኝና ቦታውን ለሌላ ሰጡት። መልቀቂያዬ በ11ኛው ሳምንት ወጣ። ባነሰ ደሞዝ ሌላ ቦታ ገባሁ።

እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ። በ5 ዓመት ውስጥ አንድ ከሰዓት ወስጄ ወረቀቱን ማስተካከል እችል ነበር።

የሰው ሀብት ሠራተኞች "መጀመሪያ የመልቀቂያ ጥያቄ አስገባ፣ ክሊራንሱ ይደርሳል" ይላሉ። እንዳትሰሟቸው። ደብዳቤ ሳታስገቡ በስማችሁ ያለውን ንብረት ዝርዝር ጠይቁና አንድ በአንድ አስረክቡ። የሥራ ልምዳችሁም ላይ "አስተምሯል" ብቻ እንዳይጻፍ፤ የጠገናችሁት መሣሪያ ይጠቀስ። አሠሪ የሚያየው እሱን ነው።

ምርጫውን በተመለከተ፦ እዚህ ኢንዱስትሪ የምንለው በአብዛኛው አስመጪ ነው። ሥራው ተከላ፣ ጥገናና ሥልጠና ነው። አዲስ መሣሪያ መንደፍ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ቆዩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ። እኔ የጠገንኩት ማሽን ሲነሳ ማየት ስለምወድ ወጣሁ፤ በመውጣቴ አልጸጸትም።

የድሮ ተማሪዎቼ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የ15ቱን ስህተቴን ከነስሌቱ ጻፍኩላቸው፤ የማሽኑን የግፊት ጣሪያ ሳታዩ አትንኩ ብዬ ጭምር። ሁለቱ ካሉበት ሆስፒታል ያስተካከሉትን ጌጅ ፎቶ ላኩልኝ።