እያወቁ አለቁ

«እያወቁ አለቁ» ይባላል። ሁለት ቃል ናት። ግን ከሶቅራጥስ እስከ ኤፒክቴጦስ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ፣ የግሪክ ፈላስፎች ሲሟገቱበት የኖሩት ጥያቄ እዚህች ውስጥ አለ። ሰው ክፉ መሆኑን እያወቀ ያንኑ ክፉ ነገር ያደርጋል ወይ? ካደረገስ በዚያች ሰዓት ዕውቀቱ የት ገባ? መልሱ ስለ ነፍስ ያለንን ሐሳብ ይለውጣል፤ ስለ ጥፋተኛው የምንፈርደውንም፣ የምናዝለትን መድኃኒትም ይለውጣል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሰው እናስብ። ደጀን ገበያ የወጣ ገበሬ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ሸጦ፣ ብሩን «ይህ የማዳበሪያ ነው» ብሎ ቋጥሯል። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ «ዛሬ አረቄ ቤት አልረግጥም» ብሏል። ለምን እንደማይረግጥም አሳምሮ ያውቃል፤ ክረምቱ ደርሷል፣ ያለ ማዳበሪያ የተዘራ ማሳ ምን እንደሚሰጥ አይቶታል። አመሻሹ ላይ ግን አረቄ ቤት ተቀምጦ ሦስተኛውን መለኪያ ይዟል። ይህ ሰው ምን ነካው?

የሶቅራጥስ መልስ አጭርና ደፋር ነው፦ አላወቀም። ሶቅራጥስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 469–399) ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ በጻፈው «ፕሮታጎራስ» በሚባል ድርሰት ውስጥ እንደሚናገረው፣ ብዙ ሰው ዕውቀትን እንደ ባሪያ ያየዋል፤ ቁጣ፣ ደስታ፣ ፍቅር፣ ፍርሃት እየተፈራረቁ የሚጎትቱት ይመስለዋል። እሱ ይህን አይቀበልም። ዕውቀት ካለ የሚጎትተው የለም። የተፈጠረው የልኬት ስሕተት ነው፤ ቅርብ ያለ ደስታ ትልቅ፣ ሩቅ ያለ ጉዳት ትንሽ መስሎ ይታያል። ደጅህ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ከሩቅ የሚታየውን የጮቄን ተራራ እንደሚጋርደው ማለት ነው። ዛፉ ከተራራው እንደማይበልጥ የሚያውቅ ዓይን ሳይሆን ልኬት ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ማስተማር ነው፤ ሰውየው ደስታንና ጉዳትን የመለካት ጥበብ ይማር።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ተቃውሞ አለ። ገበሬውን መለኪያውን እንደያዘ ብትጠይቀው የማዳበሪያውን ዋጋ በሳንቲም ይነግርሃል። ታዲያ እንዴት አላወቀም ይባላል? ተቃውሞው ጠንካራ ነው። አርስቶትል ጋ ስንደርስ ግን የምናስበውን ያህል ጠንካራ አይሆንም።

ፕላቶ በ«ፖሊቴያ» (ብዙዎች «ሪፐብሊክ» በሚሉት ሥራው) አራተኛ መጽሐፍ ከመምህሩ ከሶቅራጥስ ይለያል። ማስረጃውን ደረጃ በደረጃ ነው የሚሠራው። አንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወገኑ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊያደርግ አይችልም። የተጠማ ሰው አንዳንዴ መጠጣት እየፈለገ አልጠጣም ይላል። ስለዚህ የሚፈልገውና የሚከለክለው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ምኞት ነው፣ ሌላው አእምሮ። ሦስተኛውን ክፍል ለማሳየት ሊዮንቲዮስ የሚባል ሰው ይጠራል። ይህ ሰው ከፒሬዎስ ወደብ ወደ አቴና ሲወጣ፣ ከቅጥሩ ውጭ የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ተዘርግቶ ያያል። ማየት አማረው፤ ተጸየፈም። ፊቱን ሸፍኖ ከራሱ ጋር ሲታገል ቆየና ተሸነፈ። ዓይኑን በልቅጦ ወደ ሬሳው ሮጠ፤ የሰደበው ግን የገዛ ዓይኖቹን ነው፤ «እናንት እርጉሞች፣ በሉ ጥገቡ!» አላቸው። የተቆጣው በራሱ ምኞት ላይ ነው። ስለዚህ ቁጣው ከምኞቱ የተለየ ነገር ነው።

ይህን ሦስተኛ ክፍል ግሪኮች ቲሞስ ይሉታል። በአማርኛ «ቁጣ» ብሎ መተርጎም ያጠበዋል። «ወኔ» ነው የሚቀርበው። ክብሩ ሲነካ የሚነሣ፣ ሲያፍር የሚቃጠል፣ በደንብ ካደገ ከአእምሮ ጋር ሆኖ ምኞትን የሚመታ ኃይል ነው። ጎጃም ውስጥ ወኔ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሌላ ጥንቃቄ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ አንባቢ «የነፍስ ሦስት ክፍሎች» ሲባል ወዲያው ሦስቱን ባሕርያተ ነፍስ ያስባል፤ ልባዊነት፣ ነባቢነት፣ ሕያዊነት። ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት ጋር ሰባት የሚሆኑትን ማለት ነው። ሁለቱን ሦስትነት አንድ አድርጎ መግጠም ይፈትናል፤ ግን አይገጥምም። ነባቢነት ወኔ አይደለም፤ ሕያዊነትም ምኞት አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛዎቹ ሦስቱ እርስ በርስ አይጣሉም፤ ጠቡ ያለው በሥጋና በነፍስ መካከል ነው። የ«ፖሊቴያ» ጠብ ግን ነፍስ ራሷ ውስጥ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚቀርበው «ፌዶን» የሚባለው የፕላቶ ሥራ ነው፤ እዚያ ምኞትን ሁሉ ወደ ሥጋ ያስጠጋዋል። ስለዚህ «ፕላቶ እንዲህ ይላል» ከማለት በፊት የትኛው ፕላቶ ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ወደ አርስቶትል ከመግባቴ በፊት ዘመን ልዝለልና ከእሱ በኋላ የተነሡትን የፈላስፎች ወገን፣ ስቶአውያንን፣ ልጨርስ። እነ ክሪሲፖስ ወደ ሶቅራጥስ ተመለሱ። ነፍስ አንዲት ናት፣ ክፍል የላትም፤ ሁለት ነፍስ የሚመስለን ሐሳባችን ወዲያና ወዲህ ሲገለባበጥ ፍጥነቱ ስለሚያመልጠን ነው። ከእነሱ ወገን የሆነው ሮማዊው ሴኔካ ስለ ቁጣ ሲጽፍ ሦስት እርምጃ ለይቷል። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው፤ ደም ይፈላል፣ ይህ በእጃችን አይደለም። ሁለተኛው «ተበድያለሁ፣ መበቀል ይገባኛል» ለሚለው ሐሳብ እሺ ማለት ነው። ይህ በእጃችን ነው። ሦስተኛው ደርሶ ካለፈ በኋላ ያለው ነው፤ ቁጣው አእምሮን ጥሎ ይሮጣል። የሚያዝበት በር ሁለተኛው ብቻ ነው። «ደሜ ፈላ» ማለትና «ደሜን እመልሳለሁ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው ስቶአውያን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት።

አርስቶትል (384–322) ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከነፍስ አልጀመረም፣ ከድርጊት ጀመረ። «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በሚባለው፣ 10 መጻሕፍት ባሉት ሥራው፣ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሰው የሚመሰገንበትንና የሚወቀስበትን ይለያል። ድርጊት «ወዶ» የተደረገ ነው ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ መነሻው ከሰውየው ውስጥ መሆኑና ሰውየው ዝርዝሩን ማወቁ። ዝርዝሩንም ይቆጥራል፦ ማን፣ ምን፣ በማን ላይ፣ በምን መሣሪያ፣ ለምን ውጤት፣ በምን ዓይነት ሁኔታ። ሽማግሌ ደም ለማድረቅ ዋርካ ሥር ሲቀመጥ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ማን መሆኑን አውቆ ነው? በምን መታው? ሊገድለው ነው ሊያስደነግጠው? ከእነዚህ አንዱን ሳያውቅ ያደረገና በኋላ የተጸጸተ ሰው ሳይወድ አድርጓል። ሳያውቅ አድርጎ ያልተጸጸተውን ግን አርስቶትል «ሳይወድ» አይለውም፤ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ጸጸት ምልክት ነው።

ስካር ላይ ሲደርስ መስመሩን ያጠብቃል። ገበሬያችን ሲወጣ ጎረቤቱን ፈንክቶ «ሰክሬ ነው፣ አላውቅም» ቢል አይጠቅመውም። በአለማወቅ *ምክንያት* ማጥፋትና በአለማወቅ *ውስጥ ሆኖ* ማጥፋት ይለያያሉ። የአለማወቁ መነሻ መጠጡ ነው፤ አለመጠጣት ደግሞ በእጁ ነበር። የሚቲሊኒው ሕግ አውጪ ፒታኮስ ሰክሮ ላጠፋ ሰው ከባዱን ቅጣት የደነገገ ነው፤ አርስቶትልም እጥፍ የመቅጣትን ሕግ ለአብነት ያነሳዋል።

ቀጥሎ ያለው ልዩነት በአማርኛ ከግሪክኛው ባልተናነሰ ያምራል። «ወዶ» አንድ ነገር ነው፣ «ሆን ብሎ» ሌላ ነገር ነው። ሕፃንም እንስሳም ወዶ ያደርጋል፤ ሆን ብሎ ግን አያደርግም። ሆን ማለት መክሮ፣ አውጥቶ አውርዶ መምረጥ ነው፤ ግሪኮች ፕሮሃይሬሲስ ይሉታል። ገበሬው አረቄውን የጠጣው ወዶ ነው፤ ማንም አልጋተውም። ሆን ብሎ ግን አይደለም፤ ሆን ያለው ማዳበሪያ ሊገዛ ነበር። ይህን ሁኔታ አርስቶትል አክራሲያ ይለዋል፤ ራስን አለመግዛት። ራሱን የማይገዛ ሰው ጥሩ ሕግ አውጥታ የማትሠራበት ከተማ ነው። ክፉ ሰው ግን በሕጓ የምትሠራ፣ ሕጓ ራሱ መጥፎ የሆነ ከተማ ነው። አንዱን ከሌላው መለየት ያልቻለ መካሪ ሁለቱንም ያበላሻል።

ዕውቀቱ የት ገባ? ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ አርስቶትል ቀደም ብለን ላነሳነው ተቃውሞ መልስ አለው፤ የሰከረ ሰው የጥንቱን ፈላስፋ የኤምፔዶክለስን ግጥም በቃሉ ይወጣል፣ ይህ ማወቁን አያሳይም። ገና የጀመረ ተማሪም ቃሉን ይደረድራል፣ ግን አላወቀውም፤ ከሰውነቱ ጋር አብሮ መብቀል አለበት፣ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የቅኔ ቤት ያለበት አገር ሰው ይህ አይጠፋውም። ዋሸራም ጎንጅም የገባ ተማሪ ግሱን ሲገስ፣ አገባቡን ሲያጠና ይከርማል፤ ያን ሁሉ በቃሉ ይዞ 2 ቤት ያላት ጉባኤ ቃና መቁጠር ያቅተዋል። ዕውቀቱ አፉ ላይ እንጂ እጁ ላይ አይደለም። ገበሬው የማዳበሪያውን ዋጋ ሲናገር እንዲሁ አፉ ላይ ነው።

ምግባር እንዴት እጅ ላይ ይደርሳል? በማድረግ። ድንጋይን አሥር ሺህ ጊዜ ወደ ላይ ብትወረውረው ወደ ላይ መውጣት አይለምድም፤ ሰው ግን ይለምዳል። እዚህ ላይ አርስቶትል ራሱ አንድ እንቅፋት ያነሳል፤ ጽድቅ በመሥራት ጻድቅ የሚኮን ከሆነ፣ ጻድቅ ሳይሆኑ እንዴት ጽድቅ ይሠራል? መልሱ የሰዋስው ምሳሌ ነው፤ ትክክል የሆነ ነገር በአጋጣሚ ወይም በሌላ ሰው ጥቆማ ሊወጣ ይችላል። የአዲስ ተማሪ ጉባኤ ቃና ነገራ ላይ (መምህሩ ፊት ሲነገር) ሲቀርብ ቤቱን መትቶ ሊገኝ ይችላል፤ ግማሹን ያቀበለው አንጋፋ ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ያ ተማሪ ባለ ቅኔ አይባልም፤ ግን በዚያው መንገድ ነው 8 ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው። ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታም አለ። ቅኔው ካማረ ቅኔ ነው፤ የባለቤቱ ልብ አይጠየቅም። በጎ ሥራ ግን ሦስት ነገር ይጠየቅበታል፦ አውቆ ማድረጉ፣ ለሥራው ለራሱ ብሎ መርጦ ማድረጉ፣ ከማይናወጥ ጠባይ ማድረጉ።

ስለ «መካከለኛነት» ብዙ ስለሚባል ባጭሩ ልለፍ። ግማሽ በግማሽ ማለት አይደለም። ለአንድ ሰው 10 ምና ምግብ ቢበዛ፣ 2 ምና ቢያንስ (ምና ወደ 430 ግራም ነው)፣ አሠልጣኙ ለሁሉም 6 አያዝም፤ ለታጋዩ ሚሎን ያንሳል፣ ለጀማሪ ይበዛል። ወደ ልኩ ለመድረስም ወደሚያዘነብሉበት ተቃራኒ መሳብ ነው፤ የጎበጠ ዱላ የሚቀናው ወደ ሌላው ጎን አልፎ ሲታጠፍ እንደሆነ።

ራስን አለመግዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ችኩሉ ነው፤ ሳይመክር ስሜቱ ይዞት ይሄዳል። ገበሬው በአረቄ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ ሽታው ሸተተው፣ ጓደኛው ጠራው፣ ገባ። ሁለተኛው ደካማው ነው፤ መክሯል፣ ወስኗል፣ ከውሳኔው ጋር መቆም አቃተው። ለችኩሉ መድኃኒት አለው። አስቀድሞ የነቃ ሰው ሲኮረኩሩት አይስቅም ይላል አርስቶትል፤ የሚመጣውን ቀድሞ ያየን ሰው ስሜት አይጥለውም። ስለዚህ ችኩሉ ገበሬ ጤፉን እንደሸጠ፣ ምሳ እንኳን ሳይበላ፣ ማዳበሪያውን ገዝቶ አህያው ላይ ይጫን፤ ወይም ብሩን ለባለቤቱ አስረክቦ በሌላ መንገድ ይመለስ። ደካማው ይከብዳል። አርስቶትል ራሱን ስለማይገዛ ሰው የጠቀሰው የግሪኮች ተረት ለእሱ ይስማማል፤ ውኃ ራሱ ካነቀ በምን ያወርዱታል? ምክር ብትሰጠው የምትነግረውን ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ለራሱ ነግሮታል። ከደካማዎቹም በልማድ እንዲህ የሆነው በተፈጥሮ ከሆነው ይሻላል፤ ልማድ ከተፈጥሮ ይልቅ ይለወጣልና። ልማዱም ቢሆን የሚከብደው፣ ሲቆይ ተፈጥሮን ስለሚመስል ነው።