ተማሪዋ ስትሠራ እኔ የት ልቀመጥ?

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቅ፣ ስፒች ቴራፒስት፣ ማለትም የንግግርና የመዋጥ ችግር የሚያክም ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ታካሚዎቼ ስትሮክ የመታቸው አዛውንቶችና ንግግር የዘገየባቸው ልጆች ናቸው። ከዚህ ጎን ለጎን የማስተርስ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ይላኩልኛል፤ የእነሱ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሐበሻ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያማ አረፍሽ! ሥራውን እነሱ ይሠሩልሻል» ይሉኛል። እንዲያ ቢሆንማ ምን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር የሙያ ማኅበሩን የአሻን ሰርተፍኬት ለማግኘት አንድ ተማሪ 400 የተግባር ሰዓት መሙላት አለበት። 25ቱ ሌላ ሰው ሲሠራ እያየ የሚማርበት ነው። 375ቱን ራሱ ይሠራል፤ ከዚህም የተወሰነውን በሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛ ታካሚ በሌለበት ልምምድ መሙላት ይቻላል። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ተማሪው ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ 25 በመቶውን በቀጥታ መከታተል አለበት። ሱፐርቫይዘር ለመሆንስ ምን ያስፈልጋል? ሰርተፍኬት ከያዙ በኋላ የ9 ወር ልምድ፣ በተጨማሪም ስለ ሱፐርቪዥን የ2 ሰዓት ሥልጠና። አለቀ። እንደኔ እንደኔ በጣም ትንሽ ነው። ሕክምና መስጠትና ሌላ ሰው ሲሰጥ ዝም ብሎ ማየት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የአዛውንቶቹ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ 25 በመቶ የሚባል ነገር የለም። አብዛኞቹ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን አላቸው። የተመላላሽ ሕክምና በሚከፍለው በሜዲኬር ፓርት ቢ ደንብ ተማሪ የተሳተፈበት ሕክምና የሚከፈለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ክፍሉ ውስጥ ተገኝቶ ከመራው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ ታካሚ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነኝ። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እዚያው ተቀምጬ ሥራውን እንዴት ለእሷ ልተውላት? (ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ «እሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ።)

ወንበሬን የማስቀምጠው ከታካሚው ጀርባ፣ ትንሽ ወደ ጎን ነው። የተማሪዋ ፊት ይታየኛል። ታካሚው ግን እኔን ለማየት አንገቱን ማዞር አለበት፤ ሁለት ሦስቴ ዞሮ ምንም ሳልለው ሲቀር ይተወኛል። ምግብና መጠጥ ባለበት ቀን ግን ጎን ለጎን እቀመጣለሁ፤ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ማየት አለብኝ።

ሐበሻ አዛውንት ከሆኑ ወንበር ማዞር ብቻውን አይበቃም። አማርኛ የሚሰማ ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ ከአንዲት ወጣት ፈረንጅ ጋር ማን ይታገላል? «ልጄ፣ አንቺው ንገሪያት እንጂ» ይሉኛል። እኔም «አባባ፣ ዛሬ ሐኪምዎ እሷ ናት፤ እኔም የትም አልሄድም» እላለሁ። ከዚያ ዝም። መጀመሪያ ላይ ቅር ይላቸዋል። ተማሪዋ ስማቸውን አስተካክላ ከጠራችና «ጤና ይስጥልኝ» ካለች ግን ቶሎ ይለሳለሳሉ።

አማርኛ ብችልም ለተማሪዬ አላስተረጉምም። ይህን ብዙ ሰው አይረዳልኝም፤ የቢሮ ኃላፊዎች ደግሞ ጭራሽ። ለምን አስተርጓሚ እንደማዝ፣ ለምን ያ ገንዘብ እንደሚወጣ ይጠይቁኛል። መልሴ ቀላል ነው። እኔ ካስተረጎምኩ ታካሚው የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው። ተማሪዋ የምታስበውን ቀድሜ አውቃለሁ፣ ጥያቄዋን ሳላስበው አሳምርላታለሁ። ያኔ የሷ ሰዓት መሆኑ ይቀራል።

አስተርጓሚ ማምጣቱም የራሱ ጣጣ አለው። አፌዥያ ያለባቸውን፣ ማለትም ስትሮክ ቋንቋቸውን የጎዳባቸውን ታካሚ እናስብ። የብርጭቆ ሥዕል ይታያቸዋል። «ያ... ውሃ... የሚጠጣበት» ይላሉ። አስተርጓሚው ቀና ሰው ነው፤ «ብርጭቆ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይተረጉማል። ተማሪዋም ትክክል ብላ ትመዘግባለች። እኛ የምንፈልገው መረጃ እዚያው ላይ ጠፋ። ልጆቻቸው ሲያስተረጉሙማ የባሰ ነው፤ ማን የአባቱን ቃል አጉድሎ ይናገራል? ስለዚህ ታካሚው ከመግባታቸው በፊት ተማሪዋ ከአስተርጓሚው ጋር አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። ያሉትን እንዳሉት እንዲነግራት፣ ከተንተባተቡ «ተንተባተቡ»፣ ትርጉም የሌለው ቃል ካወጡ «ይህ ቃል አይደለም» እንዲላት ታስረዳዋለች። ይህን እኔ አልነግርላትም። እሷ መናገር ካልቻለች ለምን እንደሚያስፈልግ ገና አልገባትም ማለት ነው።

ጣልቃ የምገባው መቼ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን እንነጋገራለን። የታካሚው ደኅንነት ከተነካ ወዲያው እገባለሁ። ለምሳሌ ውሃ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳለበት ከተሰማ፣ ትን ካለው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ። እጄን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፍኩ ማጠጣቱ ይቆማል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ በኋላ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ እተወዋለሁ። ሥዕሎቹን ቢዘበራረቁባትም፣ ጥያቄዋ ቢረዝምም፣ እቅዷ መሀል ላይ ቢያልቅባትም አፌን አልከፍትም። ያለቀበት እቅድ ይዞ ቀሪውን ሃያ ደቂቃ መሙላት ራሱ የሙያው አካል ነው።

የመዋጥ ችግር ላይ ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝን ነገር ላጫውታችሁ። ቀጭን መጠጥ ለሚያስቸግራቸው ታካሚዎች መጠጡ እንዲወፍር ይደረጋል፤ ውፍረቱ የሚለካበት ኢድሲ የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው፤ መጠጦች ከ0 እስከ 4 ናቸው። መለኪያው ተራ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። ትሞያለሽ፣ ከታች ትለቂያለሽ፣ 10 ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ። የቀረው ከ1 እስከ 4 ሚሊ ከሆነ ደረጃ 1 ነው። ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 2። ከ8 በላይ ቀርቶ ግን ገና የሚወርድ ከሆነ ደረጃ 3።

አንዷ ተማሪዬ ለአንድ ሐበሻ አዛውንት በዱቄት የሚወፍር ውሃ አዘዘች። ትክክል ነው፣ መጽሐፉም የሚለው እሱን ነው። ሰውየው ግን አፋቸው አላስገባውም አሉ። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቤታቸው ወፍራም ነገር አይጠጡም?» ሄዳ ሚስታቸውን ጠየቀች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚስታቸው በፔርሙስ አጥሚት ይዘው መጡ። ተማሪዋ በሲሪንጅ ለካችው፤ ወፍራም ነበር። በሙቅ ውሃ አቅጥነው እንደገና ለኩ። የሚፈለገው ደረጃ ላይ ሲደርስ ምን ያህል ውሃ እንደገባ ጻፈችላቸው፣ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍርም በሚጠጡበት ሙቀት እንዲለኩት አሳየቻቸው። «እንጀራስ?» ብለው ሲጠይቋት ልስላሴውን አይታ እሺ ልትል ነበር። ከዚያ ቆም ብላ በሹካ ተጫነችው። ሲነካ ለስላሳ የሆነ ነገር ሁሉ አፍ ውስጥ ይበተናል ማለት አይደለም፤ እንጀራ ይያያዛል። አፌን ሳልከፍት ራሷ ደረሰችበት።

ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ወላጆቹ አማርኛ የሚናገሩ የአራት ዓመት ተኩል ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተና ይወድቃል። በእንግሊዝኛ ሦስት (three) ለማለት «ስሪ» ይላል። ተማሪዋ ስህተቶቹን ደምራ «የንግግር ድምፆች ችግር» ብላ ትመጣለች። «አባትየው በእንግሊዝኛ ሦስትን እንዴት ነው የሚሉት?» እላታለሁ። ያንን የ«th» ድምፅ አማርኛ የለውም፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ ልጆችም ዘግይተው ነው የሚይዙት። ልጁ «ከረሜላ»ን «ተረሜላ»፣ መኪናን ደግሞ በእንግሊዝኛ «ታር» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ አለ። የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግም ልጁ እስከተቻለ ድረስ በራሱ ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል። እናት «አማርኛውን እናቁምለት እንዴ?» ትላለች። አንድ ሰው እንዲያ ብሏት ይሆናል፤ ይህ ምክር ዛሬም እዚህም እዚያም ይሰማል። ሁለት ቋንቋ የንግግር መዘግየት አያመጣም። ይህን እናትየዋን አይቶ፣ ረጋ ብሎ መናገር ያለባት ተማሪዋ ናት። ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ያውቁታል፣ ፊት ለፊት ሲሆን ግን ወደ እኔ ዞረው ያዩኛል። እኔ ማስታወሻዬን አያለሁ።

ከታካሚው በኋላ ያለው ንግግር ነው የሚያደክመኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጂን አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ባቀረበችው ሞዴል፣ ሱፐርቪዥን ከመንገር ይጀምራል፣ አብሮ በመሥራት ያልፋል፣ ተማሪው ራሱን እስከሚገመግምበት ይደርሳል። በተግባር እንዲህ አደርገዋለሁ። «እንዴት ነበር?» አልልም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነበር» ወይም «አስቀያሚ ነበር» ነው። «ምን አየሽ?» እላለሁ። በቤተሰብ ፈቃድ ከተቀረጸው ቪዲዮ አምስት ደቂቃ ራሷ ትመርጣለች። እሷ ስንት ጊዜ ተናገረች፣ ታካሚው ስንት ጊዜ? ከጥያቄዋ በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቀች? ቆጥራ ስታየው እኔ የምጨምርበት ብዙ አይኖርም።

ሐበሻ ተማሪ ሲመጣልኝ ሌላ ዘዴ ያስፈልገኛል። አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፣ ያልኩትን ሁሉ ትጽፋለች፣ አትከራከርም። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት፣ አልፈርድባትም። እቅዴ ላይ ሁለት ደካማ ነገር አግኝተሽ ነይ ብዬ የቤት ሥራ እሰጣታለሁ። ትእዛዝ ስለሆነ ትፈጽመዋለች፣ በዚያውም መከራከር ትለምዳለች።

የማያልፍ ተማሪ ካጋጠመኝ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ለእሷም ለዩኒቨርሲቲውም በጽሑፍ እናገራለሁ። ምን እንዳየሁ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ቢስተካከል እንደሚበቃ። «ጎበዝ ትሆኛለሽ» ብሎ ማሳደር ደግነት አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታካሚ አለ።

አማርኛ የምንችል ስፒች ቴራፒስቶች ጥቂት ስለሆንን፣ ሐበሻ ታካሚ በመጣ ቁጥር ተማሪም አስተርጓሚነትም አንድ ላይ ይጫንብናል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ተማሪ ከመቀበሌ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አስተርጓሚ እንዲያዝልኝ፣ የቪዲዮ ፈቃድ ፎርሙ በአማርኛም እንዲኖር፣ ከተማሪዋ ጋር የምቀመጥበት ግማሽ ሰዓት ለታካሚ ከማስከፍለው ሰዓት ጋር እንዳይቆጠርብኝ። ሦስተኛውን ለማግኘት ብዙ ተጨቃጭቄያለሁ። አሁንም በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እንደገና እጠይቃለሁ፣ እንደገናም ይገረማሉ።